አሥራ ሦስት ለባዶ

ሳኦ ፓውሎ፣ ማርች 9 ቀን 1986

ለቤልሚሮ ባለቤት ለወይዘሮ ዜፈሪና፤

ይህ ወረቀት ደጅዎን ሲያንኳኳ ጤና ቀድሞት ገብቶ፣ ሰላምም ወንበር ይዞ ያግኝዎ እያልኩ ከሩቅ እጅ እነሳለሁ።

የሚያነብልዎ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ይሁን፣ እኔ የመረብ ሠሪው የአማዴዎ ልጅ አዴሪቶ ነኝ፤ የባለቤትዎ የአጎት ልጅ። ሞቷል ብላችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም፤ ድምፄን ካጠፋሁ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው። እዚህ ዳቦ ቤት አለኝ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ከልጄና ከባሏ ጋር እኖራለሁ። ቤልሚሮ ማረፉን የሰማሁት በጊዜው ነበር፤ ነገር ግን አልጻፍኩም። ስለዚያ ዛሬ ምንም አልልም።

ዛሬ ያስጻፈኝ ሌላ ነው። የልጄ ባል ቫልዲር ኳስ ሲሉት ይሞታል። ባለፈው እሑድ የየአገሩ የእግር ኳስ ታሪክ የተሰበሰበበት ወፍራም መጽሐፍ ይዞ መሸጫው ላይ ተደግፎ ሲያነብ ድንገት ሳቀ።

«አባባ፣ የእርስዎ አገር ሰዎችስ ጉድ ናቸው! ‹በፖርቱጋል አንደኛ ሊግ በሰፊ የግብ ልዩነት የተጠናቀቁ ጨዋታዎች› ይላል። ፎንቴ ዶ ማር የእርስዎ መንደር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«አሥራ ሦስት ለባዶ! በ1947! በረኛው የት ሄዶ ነው? ዓሣ ሊያጠምድ?»

«በረኛው እዚያው ነበር» አልኩት።

ልጄ ከገንዘብ መቀበያው ቀና ብላ «አባዬ፣ ፊትህ ምነው?» አለችኝ። ዱቄት ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኳት።

ምሳ ሊበሉ ሲገቡ መጽሐፉን አነሳሁት። አንዲት መስመር ናት። ቀኑ፣ የሁለቱ ቡድኖች ስም፣ ውጤቱ፤ በቃ። የጣቴን ያህል እንኳ አትረዝምም። ዕድሜዬን በሙሉ ተሸክሜያት የኖርኩት ይህችን ነው ወይ ብዬ ተደነቅኩ። የበረኛው ስም የለም። አሥራ ሦስት ግብ የገባበት ሰው ስም ለካ አይጻፍም።

ልለምንዎ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። የዚያ ዓመት ቡድን ፎቶግራፍ በክለቡ ቤት ግድግዳ ላይ ካለ፣ ቅጂ አስወጥተው ይላኩልኝ። ለቫልዲር ላሳየው አይደለም። እኔው ልየው።

አክባሪዎ አዴሪቶ

&nbsp;

ፎንቴ ዶ ማር፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1986

ለተከበሩ ለአቶ አዴሪቶ፤

ያልጠበቅነውን ድምፅ ያሰማን አምላክ ይመስገን። እርስዎንም ልጅዎንም አማችዎንም ምድጃችሁን ሳያጠፋ ያኑራችሁ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ያነበበልኝ ሰው የለም፤ ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደል የለየሁት እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።

ፎቶግራፉ አለ። ወደ ክለቡ ቤት ስገባ ሽማግሌዎቹ ካርታ ይጫወቱ ነበር። ቤቱን የሚጠብቀው ጋስፓር «ዶና ዜፈሪና! እርስዎንና ኳስን ምን አገናኛችሁ?» አለኝ።

«የ1947ቱን ቡድን ፎቶ ቅጂ ላሠራ ነው። ብራዚል ያለ ዘመዳችን ጠይቆኝ።»

«የትኛው ዘመድ?»

«አዴሪቶ።»

«አሥራ ሦስቱ?» ብሎ ወደ ካርታ ተጫዋቾቹ ዞረ። «ሰምታችኋል? አሥራ ሦስቱ በሕይወት አለ!»

አንዱ ከካርታው ቀና ሳይል «ኳሶቹን ከመረቡ አውጥቶ አልጨረሰም ማለት ነው» አለ። ሳቁ። ይህን የምጽፈው ላስከፋዎ አይደለም። ይህን ብደብቅ ኖሮ የሚከተለውንም መጻፍ አልችልም ነበር። ጋስፓር ወንበር ላይ ወጥቶ ፎቶውን አወረደውና በእጅጌው እየጠረገ «ሁለት ዋንጫ አለን እኮ ዶና ዜፈሪና። የሚጠይቀኝ የለም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለዚያች ቀን ነው። እንዲያው ሲያስቡት… አሥራ ሦስት ጊዜ!» አለኝ። ሳቁ ቆመ። ትልቅ መርከብ ወደብ ሲገባ ሰው ዝም እንደሚል ዝም አሉ።

ቅጂውን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ቤልሚሮ ኳሷን ይዞ መሐል ላይ ተቀምጧል። እርስዎ ዳር ነዎት፤ ማልያው ጉልበትዎ ደርሷል።

እግዚአብሔር ያቆይልን።

ዜፈሪና

&nbsp;

ሳኦ ፓውሎ፣ ሜይ 11 ቀን 1986

ለእህቴ ለዜፈሪና፤

ቤትሽን ከነፋስ፣ ጉልበትሽን ከሕመም ይጠብቅልኝ። አንቱታውን እንተወው፤ አብረን ጭቃ አቡክተን ያደግን ሰዎች ነን።

ፎቶው ደረሰኝ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ ለካ። ራሴን ሽማግሌ አድርጌ ነበር የማስታውሰው።

የዚያን ቀን ሊዝበን ሳር ላይ ቆምኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኛ አሸዋ ላይ ነበር የምንጫወተው፤ ሳር ላይ ኳስ ድምፅ እንደሌላት አላውቅም ነበር። ከኋላዬ የነበረው ሕዝብ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። የሊዝበኖቹ አጥቂዎች ሲመጡ የሚሮጡ አይመስሉም፤ ሜዳው ወደ እኔ የሚያዘነብል ነው የሚመስለው። ከአራተኛዋ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ የቀረው ማየት ብቻ ነበር። ሰው እንዲህ መጫወት እንደሚችል ማንም አልነገረኝም ነበር። እዚህ ኳስ በሚያመልክ አገር አርባ ዓመት ኖሬ እንደዚያ ያለ አላየሁም።

ሲያበቃ ግን ተነስተው አጨበጨቡብኝ። ያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ ቆሞ ሲያላግጥብኝ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

አሁን ልጠይቅሽ። በረኛው ቤልሚሮ ነበር። እኔ ተጠባባቂ ተብዬ የውኃ ባልዲ ተሸካሚ ነበርኩ። ቡድኑ ሊሳፈር አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤልሚሮ «ዜፈሪና ስለት ተስላልኛለች፤ እሑድ የሻማዋ እመቤታችን በዓል ነው፤ ባዶ እግሬን ሆኜ በሰልፉ ላይ የሐውልቷን ቃሬዛ እሸከማለሁ» አለ። ስለት ነውና አሠልጣኙም፣ ፕሬዚዳንቱም፣ ቄሱም አፋቸውን ያዙ። ባቡር ውስጥ ግን አምበላችን ኩስቶዲዮ «የእመቤታችን ኩሊ! ስለት ሳይሆን ቅዘን ነው የያዘው። የሊዝበኖቹን አጥቂዎች ስም ጋዜጣ ላይ አየና እግሩ ተብረከረከ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሲመሽ ግን የሚስቅ አልነበረም።

ያን ቃል ይዤ ነው ባሕር የተሻገርኩት። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ለሚስቴ፣ ለልጄ፣ «የአጎቴ ልጅ ፈሪ ነበር፤ እኔን አሳልፎ ሰጥቶ ከሐውልት ሥር ተደበቀ» እያልኩ ኖርኩ። ሲሞት የጀመርኩትን የሐዘን ደብዳቤ የቀደድኩት ለዚህ ነው።

ሠላሳ ሦስት ዓመት አብረሽው ኖረሻል። ፈርቶ ነበር? አዎ ወይም አይደለም በይኝ።

ወንድምሽ አዴሪቶ

&nbsp;

ፎንቴ ዶ ማር፣ ጁላይ 20 ቀን 1986

ለወንድሜ ለአዴሪቶ፤

ቸር ወሬ ያገናኘን። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሳርዲኑ ዘንድሮ ቶሎ ገባ፤ ጎረቤቶቼ ጨው ለመበተን ሰው አጡና ረዳኋቸው። ከዚያ ደግሞ ጣሪያዬ ማፍሰስ ጀመረ። በበጋ ሰው ካልጠገነ በክረምት አይሆንም።

ቤልሚሮ ባሕር የማይፈራ ሰው ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል።

አንድ የምልክልህ ነገር አለ። ጨዋታው ባለቀ በማግስቱ የሊዝበን ጋዜጣ ክለቡ ቤት መጣ። ሰው አንዴ አይቶ ጣለው። እኔ አንስቼ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። ማንበብ አልችልም፤ ቁጥሩን ብቻ ነበር የማውቀው። በምሠራበት የሳርዲን ፋብሪካ ውስጥ የቆርቆሮ ክዳን ላይ «ሳርዲን በወይራ ዘይት» ተብሎ እንደተጻፈ አውቅ ነበርና፣ እያንዳንዷን ፊደል ከክዳኑ ወደ ጋዜጣው እያመሳከርኩ ጀመርኩ። በክዳኑ ላይ የሌሉትን ፊደሎች ከመቃብር ድንጋዮች ላይ ለቀምኩ፤ የማን መቃብር እንደሆነ አውቃለሁና። ጽሑፉን አንብቤ የጨረስኩት በግንቦት ነው። አንተ በመጋቢት ሄደሃል።

እንዲህ ይላል፦ «የሰሜኖቹ በረኛ ገና ልጅ ነው፤ ስሙን የሚነግረን አላገኘንም። ቆጥረን መያዝ እስኪያቅተን ድረስ ኳስ አዳነ። እሱ ባይኖር ሃያ ይሆን ነበር። ሲያበቃ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት፤ እኛም ብዕራችንን አስቀምጠን አጨበጨብን።»

አላላገጡብህም፣ አዴሪቶ።

ይህን ይዤ አርባ ዓመት ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ ሊበጠስ ነው፤ ስትከፍተው በቀስታ።

ዜፈሪና

&nbsp;

ሳኦ ፓውሎ፣ ኦገስት 24 ቀን 1986

ዜፈሪና፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

ጋዜጣውን ዱቄት መጋዘኑ ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ቫልዲር ሊጠራኝ ገብቶ አየኝና በሩን መልሶ ዘጋው። ማታ መጽሐፉን አምጥቼ መስመሯን በጣቴ አሳየሁት። «በረኛው እኔ ነኝ» አልኩት። ተነስቶ ቆመ፤ ሌላ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። «አባባ፣ እነዚያን ሰዎች በዓይንዎ አይተዋቸዋል?» አለኝ። «ከማንም በላይ በቅርብ» አልኩት። እስከ እኩለ ሌሊት ግብ በግብ አስተረከኝ።

ስለዚህ አመሰግንሻለሁ። ግን ስለ ሰው ጠየቅኩሽ፤ ጋዜጣ ላክሽልኝ። ስለ ኳስ ጠየቅኩሽ፤ ስለ ባሕር ነገርሽኝ።

እንግዲህ በሌላ መንገድ ልጠይቅሽ። ኖቬምበር 2 የሙታን ቀን ነው። እዚህም እንደ አገራችን ቄሱ የሙታኖቻችንን ስም ከመሠዊያው ፊት ይጠራሉ፤ ዝርዝሩን የምሰጠው እኔ ነኝ። አባቴን፣ እናቴን፣ ሚስቴን፣ የሰመጡትን አጎቶቼን ሁሉ አስጠራለሁ። ቤልሚሮ ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ ብዕሬ ስሙ ላይ ሲደርስ ይዘልላል። ዘንድሮ ዝርዝሩን በኦክቶበር መጨረሻ አስገባለሁ። ልጻፈው ወይስ ልለፈው?

አዴሪቶ

&nbsp;

ፎንቴ ዶ ማር፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1986

አዴሪቶ፤

የምመርቅበት አፍ ዛሬ የለኝም። ጤና ይስጥህ።

ጻፈው። ቤልሚሮ አልፈራም። ስለት ነው ያስቀረው፤ ስለት የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ከጨዋታው በፊት በነበረው መስከረም እሱ በሰሜን ባሕር ትንሽ ጀልባ ላይ ጉም ውስጥ ሁለት ቀን ጠፍቶ እንደነበር ታስታውሳለህ። ወሬው በሬዲዮ ወደ መርከብ ባለቤቶቹ ቢሮ መጣ። ሴቱ ሁሉ ወደ ቤተ መቅደሱ ሮጠ። እኔ አልሮጥኩም። ፋብሪካው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፤ የሳርዲን ራስ እቆርጣለሁ፣ ሆድ ዕቃ አወጣለሁ፣ እደረድራለሁ። አንዲት ጸሎት ከአፌ አልወጣችም። ደንግጬ ደርቄ ነበር። ሲመለስ ግን ሰው ሁሉ «የእጮኛህ ጸሎት ነው ያወጣህ» አለው፤ እኔም ዝም አልኩ።

በጥር መጨረሻ ፋብሪካው ግቢ ድረስ እየሮጠ መጣ። «ዜፈሪና፣ ሊዝበን! ሊዝበኖች በረኛ ይፈልጋሉ! አንድ ሰው እሑድ እዚያው ሜዳቸው ላይ ሊያየኝ ነው!» ፊቱን አየሁት። ገና ባቡር ሳይሳፈር ሄዶ ነበር። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ማንበብ አልችልም፣ እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሊዝበን ከሄደ ለእንደኔ ያለች ሴት እንደማይመለስ አወቅሁ። ከአፌ ምን እንደሚወጣ ሳላስብ «እሑድ አትችልም። ጉሙ ውስጥ ሳለህ ተስዬልሃለሁ። ለሻማዋ እመቤታችን፣ ባዶ እግርህን ቃሬዛዋን ልትሸከም» አልኩት።

ቢቆጣ ኖሮ እውነቱን ያን ጊዜውኑ አወጣው ነበር። አልተቆጣም። ባርኔጣውን አወለቀ። «ጸልየሽልኝ ነበር?» አለኝና ያን ዓሣ የሚሸት እጄን ሳመው።

ሰባት ቀን ነበረኝ። ሰባቱንም ቀን ዝም አልኩ። ሌላ ሰበብ ብሰጥ ኖሮ ሰው ይሟገተው ነበር፤ ስለትን ግን በእኛ መንደር ማን ይሟገታል? ያንን አውቄ ነው ያደረግኩት።

እሑድ ዕለት በዝናብ ባዶ እግሩን ተሸከመ። ትከሻው ደማ። ከሰዓት በኋላ ክለቡ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር፤ ስልክ በመጣ ቁጥር ጋስፓር ወጥቶ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ ሰው ጮኸ፣ ተሳደበ። ቀጥሎ ስልኩን የሚደውለው ሰው ሰክሯል አሉ። በመጨረሻ ሴቶቹ ማማተብ ጀመሩ፤ ነጎድጓድ ሲበዛ እንደሚያማትቡት። ቤልሚሮ ሰሌዳውን እያየ «ልጁ ብቻውን ነው፤ ልጁ ብቻውን ነው» ይል ነበር። አንተን ማለቱ ነበር፣ አዴሪቶ። ከዚያ በኋላም እሱን «የእመቤታችን ኩሊ» እያሉ እስኪሞት ጠሩት። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰላቸውም። ስለቴን አክብሮ ነበር።

ሊዝበን ሁለተኛ አልጠራችውም። እኔን አገባኝ። ደግ ባል ነበር። ሲሞትም አልነገርኩትም።

አንተን ግብ ውስጥ ያቆምኩህ እኔ ነኝ። እሱን ፈሪ ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ጋዜጣውን የደበቅሁትም፣ አንዱ ቢወጣ ሌላው ይከተላል ብዬ ነው።

ጻፈው። እባክህ ጻፈው።

ዜፈሪና

&nbsp;

ፎንቴ ዶ ማር፣ ዲሴምበር 7 ቀን 1986

አዴሪቶ፤

ጤና ላንተና ለቤተሰብህ።

የፖስታ ቤቱ ሰው ወደ ብራዚል የሚሄድ ደብዳቤ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ይላል። በየጠዋቱ ደጄን ሲያልፍ አያለሁ፤ እሱም አሁን አሁን ሲያልፍ ወደ መሬት ነው የሚያየው።

ይቅርታ አልጠየቅኩህም፤ አሁንም አልጠይቅህም። አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ። ስሙ ተጠራ?

ዜፈሪና

&nbsp;

ሳኦ ፓውሎ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1987

ዜፈሪና፤

እግዚአብሔር ለሁላችንም ዕድሜ ለንስሐ ይስጠን።

ተጠራ። ከእናቴ ስም በፊት አስጠራሁት።

አንቺን በተመለከተ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ቄስ አይደለሁም። ምንም አይደለም ልልሽ አልችልም፤ ትልቅ ነገር ነውና። በራሴ ጠረጴዛ ላይ በራሴ አፍ አንድን ጻድቅ ሰው አርባ ዓመት ሰደብኩ። ልጄ ያደገችው ያን ስድብ እየሰማች ነው። እሱን ከእሷ ጆሮ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው፤ ጀምሬዋለሁ። ያንቺ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው።

ከዚህ ጋር ያለችው የታሸገች ወረቀት ያንቺ አይደለችም። የቤልሚሮ ናት። መቃብሩ ላይ ሄደሽ አንብቢለት። በልብሽ አይደለም፤ ቄስ መልእክት እንደሚያነበው በድምፅ። ግን አስቀድመሽ ያንቺን ንገሪው። ለእኔ የነገርሽኝን ሁሉ፣ እሱም በድምፅ።

ማንበብ ተምረሻል። ይኸው የሚነበብ።

አዴሪቶ

&nbsp;

(በታሸገው ወረቀት ላይ)

ቤልሚሮ፣ ወንድሜ፤

ይህን የምታነብልህ ሚስትህ ናት። ድምፅዋ ከተንቀጠቀጠ ታገሣት።

ፈሪ ብዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ልጁ ብቻውን ነው ስትል እንደነበር አሁን ሰማሁ። እውነትህን ነው፤ ብቻዬን ነበርኩ። ግን እንዳሰብከው አልነበረም። ይህን ደግሞ ከበረኛ በቀር ለማንም መንገር አይቻልም።

ከአሥራ ሦስቱ አራቱን አንተ ትይዛቸው ነበር። ሁለተኛዋን፣ አምስተኛዋን፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት። እነዚያ የእኔ ጥፋት ናቸው፤ አልክድም። ሰባተኛዋን ግን ስማ።

ከቀኝ ጥግ ተነሳች። ዝናብ አለ። ኳሷን የያዘው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ መታትና ሄደ። አምስት ሰዎች ነኳት፤ አንዱም አላቆማትም። ሴቶቻችን ከጀልባ ወደ ፋብሪካ ቅርጫት ሲቀባበሉ፣ እየተንጫጩ፣ ማንም እጁን ሳያይ፣ ቅርጫቱ ግን ሳይወድቅ፣ ታስታውሳለህ? ለስድስቱ ዘግይቼ ነበር፤ ለዚህች አልዘገየሁም። ከመመታቷ በፊት የት እንደምትመጣ አወቅሁ። ወደ ግራ ዘለልኩ። እጄ እዚያ ነበር። ቋሚው እዚያ ነበር። በእጄና በቋሚው መካከል የቀረው ክፍተት አንዲት ኳስ የምታህል ነው፤ ከዚያ ፀጉር አይበልጥም። በዚያ አለፈች። እንጨቱን አልነካችም፣ እኔንም አልነካችኝም፤ ነፋሷ ብቻ ጣቶቼን ዳሰሰኝ። ወድቄ ዞሬ አየኋት። መረቡ ውስጥ ገብታ አሁንም ትሽከረከራለች፣ የዝናቡን ውኃ በዙሪያዋ እየረጨች። የማን ቡድን እንደሆንኩ ጠፋኝ፣ ቤልሚሮ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አጨበጨብኩ።

ኩስቶዲዮ አየኝ። «ምን እያደረግህ ነው፣ አንተ ከሃዲ?» አለኝ። «አላየሃትም እንዴ?» አልኩት። ከልቤ ነበር የጠየቅኩት። ስንመለስ ባቡር ውስጥ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «ይህን ለማንም አልናገርም። ግን ያን ማልያ ሁለተኛ አትለብስም» አለኝ። በስድስተኛው ሳምንት መርከብ ላይ ነበርኩ።

ስለዚህ ሚስትህ ግብ ውስጥ አቆመችኝ፤ ያጨበጨቡት ግን የገዛ እጆቼ ናቸው። ያ የእኔ ነው፤ ከእሷ ጋር አልካፈለውም።

ሰባተኛዋን አንተም አትይዛትም ነበር። ማንም። ሳታያት መሞትህ ያሳዝነኛል።

አዴሪቶ

&nbsp;

ፎንቴ ዶ ማር፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1987

ለወንድሜ ለአዴሪቶ፤

ከጠላት ዓይን፣ ከክፉ ባሕር ይሰውርህ።

አነበብኩለት። ትናንት ቅዳሜ ነበር፤ ሴቶቹ ባልዲና ብሩሽ ይዘው መቃብር የሚያጥቡበት ቀን። ሰው የሌለበትን ቀን ልመርጥ አስቤ ነበር። በድምፅ ማለትህ ትዝ አለኝና ተውኩት።

መጀመሪያ የእኔን ነገርኩት። ስጀምር ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። መሐል ላይ ስደርስ ብሩሾቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ፊደል ከእናቷ መቃብር ድንጋይ ላይ የለቀምኩባት ፍሎሪፔስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ስለቱ ውሸት ነበር?» አለችኝ።

«ውሸት ነበር።»

«በእመቤታችን ስም?»

«በስሟ።»

አማተበች። «እኔ እኮ አንቺን እያየሁ ነው ለልጆቼ ስለት የተሳልኩት» አለች። ያንተን ወረቀት ከፈትኩና አነበብኩ፤ እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ። የኩስቶዲዮ መበለት ሉዶቪና ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣበታለች። «ለእኔም አልነገረኝም» አለች። «አርባ ዓመት በአንድ አልጋ ተኝተን፣ ሲሞት እንኳ አልነገረኝም።»

ወረቀቱን አጥፌ ለመሄድ ተነሳሁ። በዚህ መንደር ከእንግዲህ ሰላም የሚለኝ እንደማይኖር አውቄ ነበር፤ ለዚያም ተዘጋጅቼ ነበር።

«የት ትሄጃለሽ?» አለችኝ ሉዶቪና።

«ቤቴ።»

«ተቀመጪ። ሰባተኛዋን ድገሚያት።»

ደገምኩላት። ከወዲያ ማዶ ያሉት ሴቶችም እጃቸውን በሽርጣቸው እያደረቁ መጡ። አንዷ «ጉድ! እንደ ቅርጫት ቅብብል?» አለች። ሌላዋ «አምስት ሰው፤ አንድም ሳያቆማት?» አለች። ፍሎሪፔስ ፊቷን ከእኔ አዙራ ቆማ ነበር። ወደ እኔ ሳትዞር «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ አልሰማም» አለችኝ።

ሦስተኛ ጊዜ አነበብኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ከመቃብር ቦታው ግንብ ውጭ ላለውም እስኪሰማ። ኳሷ እጅህና ቋሚው መካከል ስትደርስ ሴቶቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ፍሎሪፔስም። እንደምትገባ እያወቁ።

ዜፈሪና